ከካማሮዋ ጎን ያቆምኳት ሙስታንግ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። ሌላ መኪና ልገዛ ሄጄ የራሴን መኪና ከጎኑ አቆምኩ።

በቃ። የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው።

የሆነው ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዳንግላ ነው። ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። "ሌሊት ስለሆነ መስሎሽ ነው" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ እዚሁ ላይ ማንበብ አቁሙ፤ አልቀየማችሁም። ይሄን ጽሑፍ የሚያወጣልኝ የቻናሉ ባለቤትም "ትንሽ ጨመር አድርጊበት" ብሎኝ ነበር። አልጨመርኩም። እንደውም ቀንሻለሁ።

ስሜ ፋና ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ክብደት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄን ልብ በሉልኝ...

አባቴ አወቀ እንጅባራ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የተወልኝ አንድ ቀይ ሙስታንግ ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ፒስተን፣ በዕድሜ እኔን ሁለት እጥፍ የምትበልጥ። ባሕር ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት አገኛትና አሥራ አንድ ዓመት ሠራት። ሞተሯ ሲነሣ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል።

እኔ ለሠርግ አከራያታለሁ። እንጀራዬ ናት።

ችግሯ ጣሪያዋ ነው። ሙሽራ ከነቬሎዋ በዚያች ጠባብ በር አትገባም። ጥቅምት ላይ የአንዷ ቬሎ በሩ ላይ ተቀደደና እናትየዋ ሠርገኛው ፊት የስድብ መዓት አወረደችብኝ። ቪዲዮ ቀራጮቹ ደግሞ "ክፍት መኪና አምጪ፤ ሙሽራዋ ቆማ እጇን ታውለብልብ" ይሉኛል። በዚያ ጥር ብቻ አራት ሠርግ አመለጠኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ሙስታንጓ ትሸጣለች፤ ክፍት መኪና ይገዛል።

ዳንግላ ውስጥ ጣሪያ የሌላት ካማሮ እንዳለች የነገረኝ ጋሼ ሽባባው ነው። የአባቴ ረዳት ነበር፤ አሁን ጋራዡን የያዘው እሱ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ አንተ እያልኩ ግን።

"ባለቤቷ እትዬ ወርቅአየሁ ይባላሉ" አለኝ። "ባላቸው አየነው ክረምት ላይ ሞተ። ያንቺን ይገዛሉ፤ የሳቸውን ይሸጡልሻል። ጣሪያ ያላት መኪና ነው የሚፈልጉት።"

"ጣሪያ ለምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ተነሣን። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር እየተጎተትን ነው ያለፍነው። ጋሼ ሽባባው ወደኔ ዞረ።

"ፋና... ብትተይው?"

"ምኑን?"

"አባትሽ እኮ ስንት ለፍቶባታል።"

"የለፋው እንድትሠራ ነው። ሥራ አጥታ ቆማለች።"

"እጁ አለባት እኮ፤ የአባትሽ እጅ።"

"የአባቴ እጅ መቃብር ውስጥ ነው፣ ጋሼ ሽባባው።"

"ምላስሽ!"

"ምላሴን እሱም አልቻለውም።"

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ...

ቤቱ ዳንግላ ዳር ላይ ነው፤ ከጀርባው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ። በሩ ጋ ደርሰን እስኪከፈትልን ስንጠብቅ አንድ ጋሪ አለፈን። ፈረሱ በሩ ፊት ሲደርስ መንገዱን ለቀቀ፤ በማዶው ቦይ ጠርዝ ዞሮ አለፈና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ባለጋሪው ልጓሙን አልነካም። ቀና ብሎም አላየም።

የለመዱት ነው።

እትዬ ወርቅአየሁ በሩን ከፈቱ። ስልሳ የሚሆናቸው፣ ጥቁር የለበሱ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። "እንደምን ዋላችሁ" ሳይሉን ሙስታንጓ ጋ ሄዱ። ጣሪያዋን በጣታቸው አንኳኩት።

"ወፍራም ነው" አሉ።

"የድሮ ላሜራ ነው፣ እትዬ።"

"መስኮቶቹ ይዘጋሉ?"

"ይዘጋሉ።"

"እስከ ላይ?"

"መኪና ናት እትዬ፤ ይዘጋል።"

"ጥሩ። ጥሩ..."

"ሞተሯን ላስነሣልዎት?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ።

"ሞተሩን ምን ላድርገው?"

ጋሼ ሽባባው መሬት መሬት ያያል።

ካማሮዋ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ሰማያዊ ናት፤ ሸራ ጣሪያዋ ድሮ ተገንጥሎ ወድቋል። ቆንጆ ናት፤ መዋሸት አልፈልግም። ሙሽራዋ ኋላ ወንበር ላይ ቆማ ወዲያውኑ ታየችኝ።

ከዚያ ነው ጥቃቅኑን ነገር ማየት የጀመርኩት።

ወደ ግራ አዘንብላለች፤ በሹፌሩ በኩል። ሞላው ደክሟል አልኩና በልቤ ከዋጋዋ ቀነስኩ።

በተሳፋሪው በኩል ያለው ጎኗ ታጥቦ ያበራል። የሹፌሩ በኩል የወራት አቧራ ለብሷል። ማንም አልነካውም።

እጀታው ግን ያንፀባርቃል።

ከሹፌሩ በር ሥር ደግሞ ቀጭን መንገድ ይነሣል። አንድ እግር የሚያስኬድ። ሣሩ ሞቶ መሬቱ ጠንክሯል። መንገዱ ግቢውን አቋርጦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያበቃል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከውስጥ በኩል ያለው ታየኝ። አምስት መቀርቀሪያ። ሁሉም አዲስ።

"ሌባ ያስቸግርዎታል እንዴ?"

"ሌባ የለም።"

"በዚህ ማን ነው የሚመላለሰው?" አልኩ መንገዱን እያሳየሁ።

"ማንም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጄ፣ መኪናሽን ከጎኗ አቁሚልኝ። በር ለበር። ላስተያያቸው" አሉኝ።

አቆምኳት። የኔ የሹፌር በር ከካማሮዋ የሹፌር በር ጋር ፊት ለፊት ሆነ። በመሃላቸው አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል።

"በሩን ክፍት ተይው።"

"ለምን?"

"ይናፈስ።"

አሮጊት ናቸው ብዬ ተውኩት። ስህተቴ ይሄ ነው ያልኳችሁ...

የካማሮዋን ኮፈን ከፍቼ አየሁ። ሞተሩ ንጹሕ ነው። ልቀመጥባት በሹፌሩ በኩል ስሄድ እጄን ያዙኝ።

"በዚያ በኩል አትግቢ።"

"መሪው እኮ በዚህ በኩል ነው።"

"...ቆይ እንግዲያው።"

ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አሉ። በአዊኛ፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። አዊኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። አልሳትኩትም።

"ትንሽ ጠጋ በልላት። ልጅ ናት" ነው ያሉት።

ሳቄ መጣ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል አልኩና ገባሁ።

ወንበሩ ይሞቃል...

ጥላ ሥር የቆመ የቆዳ ወንበር ነው። ፀሐይ አይነካውም። ሰው ገና አሁን የተነሣበት ይመስል ሞቋል።

የኋላ ማሳያው መስታወት ለረጅም ሰው ተስተካክሎ ስለነበር ወደ ራሴ ዝቅ አደረግኩት። ማርሹን አየሁ። ቀና ስል መስታወቱ ተመልሷል።

ብሎኑ ላልቷል። እንደገና ዝቅ አድርጌ በጣቴ አጠበቅኩት። ጠብቋል፤ እርግጠኛ ነኝ። የፍሬኑን ፔዳል ሁለቴ ረገጥኩ። ቀና አልኩ።

ተመልሷል።

"ፋና..." ጋሼ ሽባባው ነው፤ በሹክሹክታ። "ነይ ውጪ።"

"ምን ሆንክ?"

"ቀስ ብለሽ ነይ ውጪ። መኪናሽን እያት።"

ወጣሁ። ሙስታንጓ አዘንብላለች። በሹፌሩ በኩል።

"ጎማ ነው" አልኩ።

ተንበርክኮ ጎማውን ጫን ጫን አደረገው። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው።

"ሞላው ነው የተጫነው" አለ። ከንፈሩ ደርቋል። "ሰው ሲቀመጥበት እንዲህ ነው። ወፈር ያለ ሰው።"

ወንበሩ ባዶ ነው። በተከፈተው በር በደንብ ይታየኛል። ባዶ ነው... መሃሉ ግን ጎድጉዷል።

ዞር ብዬ ካማሮዋን አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች። ደክሟል ያልኩት ሞላ ምንም አልሆነም።

በዚህ መሃል እትዬ ወርቅአየሁ አልፈውኝ ሄዱ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። የሙስታንጓን በር በሁለት እጃቸው ገፉት።

ጓ!

"ተዘጋ" አሉ። እያለቀሱ ነው። እየሳቁም ነው። "ተዘጋ! ቁልፉ ካማሮዋ ላይ ነው። ያንቺ ናት፤ ምንም አትጨምሪ። ውሰጃትና ሂጂልኝ።"

"ምንድን ነው የተዘጋው?"

ወደ ጋሼ ሽባባው ዞርኩ።

"ጋሼ ሽባባው! ምንድን ነው የተዘጋው?"

"አየነው ፈረሰኛ ነበር" አለ በመጨረሻ።

ይሄን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ የሟቹን ካባ ጭኖ፣ ያለ ጋላቢ በለቅሶው መሃል ይዞራል። ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። አየነው ግን ፈረሱ ከሞተበት በኋላ ሌላ ፈረስ አልገዛም። ይቺን ካማሮ ነው የገዛው። አወቀ ሙስታንግ አለው፤ እኔ በምን አንሳለሁ ብሎ። ስለዚህ በቀብሩ ቀን ቤተሰቡ በፈረሱ ቦታ መኪናዋን አወጡ። ካባውን የሹፌሩ ወንበር ላይ ዘረጉ፤ ሞተሯን ሳያስነሡ በሰው እጅ እየገፉ በለቅሶው መሃል አዞሯት።

"እኔም ገፍቻለሁ" አለ ጋሼ ሽባባው። "ስምንት ነበርን። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ፍሬን ተይዞ ይሆናል ብዬ ሁለቴ አየሁ፤ አልተያዘም። ስንጀምር ሁለት ሰው ይገፋት ነበር። ስንጨርስ... ስምንታችንም ላብ በላብ ሆነን፣ በመከራ ነው የመለስናት።"

"ፈረስ ያራግፋል" አሉ እትዬ ወርቅአየሁ። ፊታቸውን በጥቁሩ ነጠላ ጠረጉ። "ይዞራል፣ ይቆጣል፣ ይዘላል፤ ጌታውን እዚያው ሜዳ ላይ አውርዶት ይመለሳል። መኪና ምን ያራግፋል? ጭነነው መለስነው። እኛው ጭነነው መለስነው!"

"እና?"

"እና ሲመሽ ይወርዳል። መጥቶ በሬ ላይ ይቆማል። አይናገርም። አያንኳኳም። እስኪነጋ ቆሞ ያድርና ይመለሳል። ስድስት ወር ሙሉ። ጣሪያ የላት፣ በምን ልያዘው?" ወደ ሙስታንጓ ጣሪያ እጃቸውን ዘረጉ። "ያንቺ አላት።"

እውነቱን ልንገራችሁ። አሰብኩበት።

ካማሮዋ እዚያ ቆማለች። ቀጥ ያለች፣ ክፍት፣ ባዶ። የነበረባት ነገር ወርዶላታል። ቁልፉ ላይዋ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሽራ ቆማባት ታውለበልባለች። ትርፍ ማለት ይሄ ነው። አንድ አሥር ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ በልቤ ሸጫት ነበር።

ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ።

የሙስታንጓ የኋላ ማሳያ መስታወት እየተንቀሳቀሰ ነው። ቀስ... ቀስ... ወደ ላይ።

ያን መስታወት ጠዋት ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ንዴቴ መጣ። ሌላ ሰው ይሮጥ ነበር ይሆናል። እኔን ግን ያንዘፈዘፈኝ ንዴት ነው። የኔ መስታወት! ማን አባቱ ፈቀደለት?

"እትዬ ወርቅአየሁ፣ መኪናዬን መቃብር አላደርጋትም።"

"ልጄ፣ አትክፈቺው!"

"የኔ በር ነው።"

"ስለ እመቤቴ! ስለ እመቤቴ ብለሽ!"

ከፈትኩት። ገባሁ።

ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ላይ ሁለተኛ ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ትከሻ አለ። ጭን አለ። የፈረስ ላብ ይሸታል። አየሁ የምለው ነገር ግን የለም።

"ጋሽ አየነው፣ ይጠጉ" አልኩ። ድምፄ እንደ ወያላ ነበር።

ትከሻው ፍንክች አላለም።

"ይጠጉ እንጂ!"

በዳሌዬ ገፋሁ። ክብደቱ አለፈ... መኪናዋ ከግራ ወደ ቀኝ ስትዘነብል ጋሼ ሽባባው አፉን በእጁ ያዘ።

"ትገባለህ?" አልኩት።

"አ... አልገባም።"

"እንግዲያው የግቢውን የኋላ በር ክፈትልኝ።"

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ላራግፍ።"

ሜዳው ከግቢው ጀርባ ይጀምራል። ሣሩ ደርቋል፤ ከብት የለም። ሞተሯን አስነሣኋት። አገሳች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት።

መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። የኋላ ጎማዎቹ ከድተው መሬቱን አረሱት። ወደ ቀኝ። አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። ሽቅብ ነዳኋት፣ ቁልቁል ነዳኋት፣ እንደ ገና ጨዋታ ኳስ አነጠርኳት። አባቴ ቢያየኝ ያብድ ነበር። በዚያ ፀሐይ፣ በተሳፋሪው በኩል ያለው መስኮት ላይ እንፋሎት አረፈ። ከውስጥ። ጠፋ። እንደገና አረፈ።

ይተነፍሳል።

ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ተንሸራታ ቆመች። ወደ ቀኝ እንዳዘነበለች ናት።

ደገምኩት። ሦስተኛም ሞከርኩ። ከኮፈኑ ጭስ መውጣት ጀመረ።

ቆምኩ። አሁንም ወደ ቀኝ።

አላራገፈችም።

ሞተሯን አጠፋሁ። ጆሮዬ ይጮሃል። ከሩቅ፣ የግቢው በር ላይ፣ ጋሼ ሽባባውና እትዬ ወርቅአየሁ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም።

እዚያ ተቀምጬ ነው የገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ በየመንገዱ "ልሸጣት ነው" እያልኩ ነው የመጣሁት። የሷን በር ራሴ ከፍቼ፣ ባለቤት እንደሌላት አቁሜ ተውኳት። ባለቤት የሌለው ወንበር ላይ ማን አይቀመጥም?

ወደ ጎን ዞርኩ። ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት አየሁት።

"ይስሙኝ" አልኩ። "አልሸጥኳትም። አልሸጣትምም። ሠርግ ቢጠፋ ይጥፋ። ከእንግዲህ ይቺ መኪና የማንም አይደለችም፤ የኔ ናት። እኔ ያልፈቀድኩለት አይቀመጥባትም። በሕይወት ያለም፣ የሞተም።"

በአገጬ በሩን አሳየሁት።

"ይውረዱ።"

የጋለው ሞተር ጠቅ... ጠቅ... ይላል።

"ይውረዱ አልኩ!"

እንፋሎቱ ከመስኮቱ ላይ ጠፋ። ተመልሶ አላረፈም።

የተሳፋሪው በር ተከፈተ።

መኪናዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። ሞላው ሲተነፍስ ሰማሁት። በሩ ሥር ደረቁ ሣር ተኛ። አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ... ሦስተኛው ላይ ቆመ።

ሣሩ ወደ በሩ ዞረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። የሙስታንጓ የተሳፋሪ በር ማጠፊያው የወደቀ ነው። ዝም ብሎ የገፋው ሰው ይመለስበታል፤ ለሠርግ ስትወጣ እኔ ነኝ ዞሬ የምዘጋው። በመጀመሪያ በጉልበት ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያ በመዳፍ ለስለስ ተደርጎ ይገፋል። ይሄን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ፤ እጄ መሪው ላይ ነው። ሌላው ጋሼ ሽባባው ነው፤ እሱ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ቆሟል። ሦስተኛው አባቴ ነበር።

በሩ ከፍ አለ።

ለስለስ ተደርጎ ከውጭ ተገፋ።

ተዘጋ።